699,526,800፦ አንድን ትልቅ ሙሉ ቁጥር በእርሳስና በወረቀት የመፈተሽ ዝርዝር መመሪያ

ባለፈው ክረምት ከዘጌ በጀልባ ወደ ባሕር ዳር የመጡ አንድ የባሕረ ሐሳብ (የቤተ ክርስቲያን የዘመን አቆጣጠር ሒሳብ) መምህር ከጣና ዳር ቡና ይዘን ተቀምጠን ሳለን ከማስታወሻ ደብተራቸው አንድ ቅጠል ቀደዱና የሚከተለውን ጽፈው ሰጡኝ።

፮፼፺፱፻፶፪፼፷፰፻

«አንተ የሒሳብ መምህር አይደለህ? ይህ ቁጥር ከየት እንደ መጣ አልነግርህም፤ አንተው ፈልገህ ንገረኝ» አሉኝ። «የኔታ፣ ቁጥር ብቻውን ምን ይናገራል ብለው ነው?» ብላቸው «ዘመዶቹን ጠይቃቸው» ብለው ወደ ስኒያቸው ተመለሱ። በዚያ ቀን የሠራሁትንና ኋላም ያረምሁትን ሥራ በቅደም ተከተል አቀርባለሁ። አንባቢው የሚያስፈልገው እርሳስ፣ ወረቀትና የስምንተኛ ክፍል የማካፈል ችሎታ ነው። ካልኩሌተር ቢኖር ለማመሳከሪያ ይሁን እንጂ ለመፍቻ አይሁን፤ መልሱን ቢሰጥም መንገዱን አያሳይምና።

አንደኛ፦ ቁጥሩን በትክክል ማንበብ

የግእዝ አኃዝ ዜሮ የለውም፤ ቁጥሩን የሚከፋፍለውም እንደ ዛሬው ልማዳችን በሺህ ሳይሆን በመቶ ነው። ፻ መቶ ነው፣ ፼ ደግሞ እልፍ ማለትም 10,000 ነው። ከላይ ያለው ጽሑፍ የሚነበበው እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ እስከ ሁለተኛው ፼ ያለውን ለብቻ ይውሰዱ። 6 እልፍ 60,000 ነው፣ 99 መቶ 9,900 ነው፣ 52 ሲጨመር 69,952 ይሆናል። ይህ ሁሉ በእልፍ ሲባዛ 699,520,000 ይሰጣል። በመጨረሻ 68 መቶ ማለትም 6,800 ይጨመራል። ቁጥራችን 699,526,800 ነው፤ ስድስት መቶ ዘጠና ዘጠኝ ሚሊዮን አምስት መቶ ሃያ ስድስት ሺህ ስምንት መቶ።

ንባቡን ያስቀደምሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የግእዙ ጽሑፍ የሚያበቃው በ፻ ስለሆነና ከእርሱ ኋላ ምንም ስለሌለ፣ ቁጥሩ ለ100 ያለ ቀሪ እንደሚካፈል ገና አንድም ስሌት ሳንሠራ ታወቀ። ጽሑፉ የሚሰጠን ሌላም ስጦታ አለ፤ እርሱን ከጥቂት አንቀጾች በኋላ እንመለስበታለን።

ሁለተኛ፦ ስፋቱን መገመት

ቁጥሩን ከመበታተን በፊት ምን ያህል ሥራ እንደሚጠብቀን ማወቅ ይገባል። አንድ ሙሉ ቁጥር ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ ካለው፣ ከአካፋዮቹ ቢያንስ አንዱ ከዳግም ዘሩ አይበልጥም፤ ሁለቱም ቢበልጡ ብዜታቸው ከቁጥሩ ያልፍ ነበርና። ስለዚህ የፍለጋው ወሰን ዳግም ዘሩ ነው።

26,448 በራሱ ሲባዛ 699,496,704 ይሆናል፤ ይህ ከቁጥራችን ያንሳል። 26,449 በራሱ ሲባዛ ደግሞ 699,549,601 ይሆናል፤ ይህ ይበልጣል። ዳግም ዘሩ በሁለቱ መካከል ስለሆነ ሙሉ ቁጥር አይደለም፣ ቁጥራችንም ፍጹም ዳግም ርቢ አይደለም። እስከ 26,448 ያሉት ብቸኛ ቁጥሮች፣ ተማሪዎቻችን ፕራይም የሚሏቸው፣ ከ2,700 በላይ ናቸው። ሁሉን አንድ በአንድ መሞከር የክረምት ሥራ ነው። ደግነቱ አንድ አካፋይ በተገኘ ቁጥር የሚቀረው ስለሚያንስ ወሰኑም አብሮ ዝቅ ይላል። 26,449ን ግን በወረቀቱ ጥግ ላይ ጽፈው ያቆዩት፤ በኋላ ያስፈልገናል።

ሦስተኛ፦ ቀላል አካፋዮችን ማውጣት

100 ማለት 2² × 5² ነው። እርሱን ስናወጣ 6,995,268 ይቀራል። የመጨረሻው አኃዝ 8 ስለሆነ ከእንግዲህ ለ5 አይካፈልም፤ የ5 ጉዳይ በሁለት ርቢ ተዘጋ። ለ4 መካፈሉን ለማወቅ የመጨረሻዎቹን ሁለት አኃዞች ማየት ይበቃል፤ 68 ለ4 ይካፈላል። ድርሻው 1,748,817 ሲሆን ይህ ኢ-ተጋማሽ ስለሆነ የ2 ጉዳይም በ2⁴ ተዘጋ።

ለ3 እና ለ9 የአኃዞቹን ድምር እንይ። 1 + 7 + 4 + 8 + 8 + 1 + 7 = 36፤ 36 ለ9 ይካፈላል፣ ስለዚህ ቁጥሩም ይካፈላል። ድርሻው 194,313 ነው። የዚህ ድምር 21 ነው፤ ለ3 ይካፈላል፣ ለ9 ግን አይካፈልም። አንዴ ለ3 ስናካፍል 64,771 እናገኛለን፤ የአኃዞቹ ድምር 25 ስለሆነ የ3 ጉዳይ በ3³ አበቃ።

አሁን ወደ ግእዙ ስጦታ እንመለስ። የግእዝ አኃዝ በመቶ ስለሚከፋፈል፣ በየ፻ና በየ፼ መካከል ያሉትን ቁጥሮች በቀጥታ ብንደምር ቁጥሩ ለ99 ሲካፈል የሚቀረውን እናገኛለን፤ 100 ለ99 ሲካፈል ቀሪው 1 ነውና። ድምሩም 6 + 99 + 52 + 68 = 225 ነው፤ 225 ለ99 ሲካፈል ቀሪው 27 ነው። 99 ደግሞ 9 × 11 ስለሆነ ይህች አንዲት ድምር ስለ ሁለቱም ትነግረናለች፦ 27 ለ9 ይካፈላል፣ ስለዚህ ቁጥሩ ለ9 ይካፈላል፤ 27 ለ11 ሲካፈል 5 ይቀራል፣ ስለዚህ ቁጥሩ ለ11 አይካፈልም። በዘመናዊው አኃዝ ይህን ለማግኘት አኃዞቹን ከቀኝ ወደ ግራ ሁለት ሁለት ማድረግ ያስፈልጋል፤ በግእዙ ግን ጸሐፊው አስቀድሞ ሠርቶልናል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቀሪው 27 መሆኑን አይቶ «እንግዲያውስ ለ27ም ይካፈላል» ማለት የሚያጓጓ ስሕተት ነው። 99 የ27 ብዜት ስላልሆነ ይህ ድምር ስለ 27 ምንም አያረጋግጥም። 126ን ይሞክሩ፦ 1 + 26 = 27 ነው፣ 126 ግን ለ27 አይካፈልም። የእኛው ቁጥር ለ27 መካፈሉ እውነት ቢሆንም ያወቅነው በዚህ ሳይሆን ደረጃ በደረጃ በማካፈል ነው።

አራተኛ፦ 7፣ 11 እና 13ን በአንድ ቅንስ መፈተሽ

7 × 11 × 13 = 1,001 ነው። ከዚህም የተነሣ ቁጥሩን ከቀኝ ጀምሮ ሦስት ሦስት አኃዝ አድርገን እያፈራረቅን ብንደምርና ብንቀንስ የምናገኘው ትንሽ ቁጥር ለእነዚህ ለሦስቱ ከዋናው ጋር እኩል ቀሪ ይኖረዋል። ከ64,771 ላይ 771 − 64 = 707 እናገኛለን። 707 = 7 × 101 ስለሆነ ለ7 ይካፈላል፤ ለ11 ሲካፈል 3፣ ለ13 ሲካፈል 5 ይቀራል፣ ስለዚህ ሁለቱም ይወጣሉ። የ11 ውጤት ከላይ ከግእዙ ካገኘነው ጋር ይስማማል፤ ሁለት የተለያዩ መንገዶች አንድ መልስ ሲሰጡ ደብተሩ ላይ ምልክት አድርጌ አልፋለሁ።

64,771 ለ7 ሲካፈል 9,253 ይሆናል። 9,253 እንደገና ለ7 ሲካፈል 6 ስለሚቀር 7 የሚገባው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

አምስተኛ፦ የቀረውን መጨረስ

የ9,253 ዳግም ዘር ከ97 ያንሳል፤ ስለዚህ ከ2,700 በላይ የነበረው ፍለጋ ወደ ጥቂት ቁጥሮች ተጨመቀ። 11ና 13 ወጥተዋል። 17ን ስንሞክር 17 × 544 = 9,248፣ ቀሪው 5 ነው። 19ን ስንሞክር 19 × 487 = 9,253 ያለ ቀሪ ይደርሳል።

487 ብቸኛ ቁጥር ነውን? ዳግም ዘሩ ከ23 ስለሚያንስ እስከ 19 ያሉትን መሞከር በቂ ነው። እኔ በዚያን ቀን ከ2 ጀምሬ ሁሉንም እንደ አዲስ ሞከርኋቸው፤ ይህ የባከነ ድካም ነበር። 487 የ9,253 አካፋይ ስለሆነ 487ን የሚያካፍል ማንኛውም ቁጥር 9,253ንም ያካፍላል፤ 2፣ 3፣ 5፣ 7፣ 11፣ 13 እና 17 ደግሞ ከ9,253 ጋር እንደማይስማሙ አስቀድመን አረጋግጠናል። መሞከር የሚገባው 19 ብቻ ነበር፦ 19 × 25 = 475፣ ቀሪው 12። ስለዚህ 487 ብቸኛ ነው። ያልተሳካ ሙከራ ሁሉ በወረቀት ላይ ሊመዘገብ የሚገባው ለዚህ ነው።

ውጤቱ እንዲህ ነው፦

699,526,800 = 2⁴ × 3³ × 5² × 7 × 19 × 487

መልሶ ማባዛትን አይዝለሉ። 16 × 25 = 400፤ በ27 ሲባዛ 10,800፤ በ7 ሲባዛ 75,600፤ በ19 ሲባዛ 1,436,400፤ በ487 ሲባዛ 699,526,800። የመጨረሻውን ብዜት በ500 አባዝቶ የ13 ብዜቱን መቀነስ ይቀላል፦ 718,200,000 − 18,673,200።

ሳልፈልገው ያገኘሁት አቋራጭ

በ17ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ፈረንሳዊው ፒየር ደ ፌርማ ከዚህ ፈጽሞ የተለየ መንገድ አመልክቷል። ቁጥሩን ከትንሹ አካፋይ ጀምሮ ከመሸርሸር ይልቅ ከመካከሉ፣ ከዳግም ዘሩ አጠገብ ይጀምራል። ሐሳቡ ይህ ነው፦ አንድን ቁጥር የሁለት ዳግም ርቢዎች ልዩነት አድርገን መጻፍ ከቻልን ወዲያውኑ ወደ ሁለት አካፋዮች ይሰነጠቃል፤ ምክንያቱም የሁለት ዳግም ርቢዎች ልዩነት ሁልጊዜ የመሠረቶቹ ልዩነትና የመሠረቶቹ ድምር ብዜት ነው።

አሠራሩም ከዳግም ዘሩ በላይ ያለውን የመጀመሪያ ሙሉ ቁጥር ወስዶ በራሱ ማባዛት፣ ከዚያ ላይ ቁጥራችንን መቀነስ፣ ቀሪው ፍጹም ዳግም ርቢ መሆኑን ማየት ነው። ካልሆነ በአንድ ከፍ እያሉ መቀጠል ነው። እኔ ይህን ዘዴ የሞከርሁት ሥራውን ከጨረስሁ በኋላ፣ ማታ ቤቴ ገብቼ፣ ለተማሪዎች ምሳሌ ይሆናል ብዬ ነበር። በወረቀቱ ጥግ ላይ ያቆየነውን 26,449 አወጣሁ።

26,449² − 699,526,800 = 699,549,601 − 699,526,800 = 22,801

22,801ን ትክ ብዬ አየሁት። 150 በራሱ ሲባዛ 22,500 ነው፤ 151 በራሱ ሲባዛስ? 22,801። በመጀመሪያው ሙከራ! ስለዚህ ቁጥራችን 26,449² − 151² ነው፣ ማለትም (26,449 − 151) × (26,449 + 151) = 26,298 × 26,600። ከዚያ በኋላ ያለው የልጆች ጨዋታ ነው፦ 26,600 ማለት 266 × 100 ነው፣ 266 ደግሞ 2 × 7 × 19፤ 26,298 ደግሞ 54 × 487 ነው።

አንባቢው ግን በዚህ አይታለል። የፌርማ ዘዴ እንዲህ የሚፈጥነው ቁጥሩ እርስ በርሳቸው የሚቀራረቡ ሁለት አካፋዮች ሲኖሩት ነው፤ የእኛዎቹ የሚራራቁት በ302 ብቻ ነበር። አካፋዮቹ ቢራራቁ ዘዴው ከተራው ማካፈል የባሰ ሊያደክም ይችላል። እንግዲህ ከማካፈል በፊት አምስት ወይም ስድስት ጊዜ ሞክሮ መተው ተገቢ ነው፤ ከዚያ በላይ መቀጠልን አልመክርም።

ስድስተኛ፦ ከአርቢዎቹ ባሕርያቱን ማንበብ

ብቸኛ አካፋዮቹ ከታወቁ በኋላ ሌላው ሁሉ ከአርቢዎቹ ይነበባል።

የአካፋዮቹን ብዛት ለማወቅ በመጀመሪያ በ12 እንለማመድ። 12 = 2² × 3 ነው። ማንኛውም የ12 አካፋይ የሚሠራው 2ን ዜሮ፣ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ 3ን ደግሞ ዜሮ ወይም አንድ ጊዜ በመውሰድ ነው፤ ምርጫው 3 × 2 = 6 ነው፣ እነርሱም 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 6 እና 12 ናቸው። በእኛ ቁጥር አርቢዎቹ 4፣ 3፣ 2፣ 1፣ 1፣ 1 ስለሆኑ በእያንዳንዱ ላይ አንድ ጨምረን እናባዛለን፦ 5 × 4 × 3 × 2 × 2 × 2 = 480። ቁጥሩ ፍጹም ዳግም ርቢ ስላልሆነ 480ዎቹ አካፋዮች በ240 ጥንዶች ይሰለፋሉ፤ 26,298ና 26,600 ከእነዚህ አንዱ ጥንድ ናቸው። ከ1 እስከ 10 ያሉት ሁሉ ከአካፋዮቹ መካከል አሉ፣ የመጀመሪያው የጎደለው 11 ነው።

የአካፋዮቹ ድምር የሚገኘውም በተመሳሳይ መንገድ ነው፤ ለእያንዳንዱ ብቸኛ ቁጥር ርቢዎቹን ከ1 ጀምሮ ደምሮ ድምሮቹን ማባዛት ነው። ለ2፦ 1 + 2 + 4 + 8 + 16 = 31። ለ3፦ 1 + 3 + 9 + 27 = 40። ለ5፦ 1 + 5 + 25 = 31። ለ7፣ ለ19ና ለ487 ደግሞ 8፣ 20 እና 488። ብዜቱ 3,001,395,200 ነው።

ይህን ለማመሳከር በኮምፒውተር አንዲት አጭር ፕሮግራም ጽፌ ነበር፤ የሰጠችኝ መልስ −1,293,572,096 ሆነ። የአካፋዮች ድምር አሉታዊ ሊሆን እንደማይችል ግልጽ ነው፣ እኔ ግን ግማሽ ሌሊት ስሕተቱን ከሒሳቤ ውስጥ ስፈልግ አመሸሁ። ጥፋቱ የዕቃው ነበር፤ ፕሮግራሙ ቁጥሩን ያስቀመጠው ባለ 32 ቢት በሆነ ቦታ ሲሆን ይህ ዓይነቱ ቦታ አሉታዊ ቁጥርንም እንዲይዝ ሲደረግ ከ2,147,483,647 በላይ አይችልም። ቁጥራችን ራሱ በ30 ቢት ስለሚጻፍ ይገባል፣ የአካፋዮቹ ድምር ግን ይፈስሳል። ከ3,001,395,200 ላይ 2³² ማለትም 4,294,967,296 ቢቀንሱ ያን አሉታዊ ቁጥር በትክክል ያገኙታል። በኮምፒውተር የሚሠራ አንባቢ ባለ 64 ቢት ቦታ ይምረጥ።

ከድምሩ ላይ ቁጥሩን ራሱን ስንቀንስ 2,301,868,400 ይቀራል፤ ይህ የቁጥሩን ሦስት እጥፍ ያልፋል። የገዛ አካፋዮቹ ድምር ከራሱ የሚበልጥ ቁጥር ትርፍ ቁጥር ይባላል፣ እኩል የሆነ ደግሞ ፍጹም ቁጥር ይባላል፤ 28 ፍጹም ነው፣ 1 + 2 + 4 + 7 + 14 = 28 ነውና። 28ን ያነሣሁት እንዲሁ አይደለም፤ እንመጣበታለን።

ከእርሱ በታች ካሉት ቁጥሮች ከእርሱ ጋር ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የሌላቸው 151,165,440 ናቸው፤ ይህም 8 × 18 × 20 × 6 × 18 × 486 ነው። ደግሞም ቁጥሩ የሁለት ዳግም ርቢዎች ልዩነት ቢሆንም የሁለት ዳግም ርቢዎች ድምር ሊሆን አይችልም፤ 7 ለ4 ሲካፈል 3 የሚቀረው ብቸኛ ቁጥር ሆኖ ሳለ አርቢው ኢ-ተጋማሽ መሆኑ ብቻውን ይከለክለዋል።

ሰባተኛ፦ የዳግም ርቢውን ክፍል ነጥሎ ማውጣት

ወደ የኔታ ጥያቄ የሚወስደው ይህ እርምጃ ነው፤ መማሪያ መጻሕፍት ግን በአንድ መስመር ያልፉታል። ከእያንዳንዱ አርቢ ላይ ትልቁን ተጋማሽ ክፍል ይውሰዱ፦ ከ2⁴ ሙሉውን፣ ከ3³ ላይ 3²ን፣ ከ5² ሙሉውን። ብዜታቸው 16 × 9 × 25 = 3,600 ነው፣ ማለትም 60²። የሚቀረው 3 × 7 × 19 × 487 = 194,313 ሲሆን በውስጡ አንድም የተደገመ ብቸኛ ቁጥር የለም።

699,526,800 = 60² × 194,313

ቁጥሩን ያዘጋጀው ሰው 194,313ን ይዞ ሁለት ጊዜ በ60 አባዝቶታል ማለት ነው? የግድ አይደለም፤ በአጋጣሚም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በባሕረ ሐሳብ አንድ ዕለት 60 ኬክሮስ ነው፣ አንድ ኬክሮስ ደግሞ 60 ካልዒት ነው። ጠያቂው ማን እንደ ሆኑ ለሚያውቅ ሰው 60² ፍንጭ ብቻ አይደለም። ስለዚህ 194,313 ዕለታት ይሆን ብዬ ጀመርሁ።

ስምንተኛ፦ ዘመዶቹን መጠየቅ

194,313 ዕለታት ከሆኑ 7 የሳምንት ነው፤ ሲካፈል በትክክል 27,759 ሳምንታት ይወጣል። 19 የአበቅቴ ዓውድ፣ ማለትም የጨረቃና የፀሐይ ቆጠራ እንደገና የሚገጥሙበት የ19 ዓመት ዙር ነው። ያስቸገረኝ 487 ነበር። 487 የሚባል ዓውድ ከማንም ሰምቼ አላውቅም። ብቻውን የማይናገር ብቸኛ ቁጥር ሲያጋጥም ከጎረቤቶቹ ጋር እያባዙ ማየት ይጠቅማል፦ በ7 ሲባዛ 3,409፣ በ19 ሲባዛ 9,253፣ በ3 ሲባዛ 1,461።

1,461 ያለ ምንም ጥርጥር ይታወቃል፤ 365 + 365 + 366 + 365 ነው፣ ማለትም ከማቴዎስ እስከ ዮሐንስ ያሉት የአራቱ ወንጌላውያን ዓመታት ዕለታት ናቸው፤ ጳጉሜን ስድስት የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ ነው። የቀረው 7 × 19 = 133 ነው። 133 ጊዜ አራት ዓመት 532 ዓመት ነው፤ ይህም 28ቱ የዓውደ ፀሐይ ዓመታት በ19ኙ የአበቅቴ ዓመታት ሲባዙ የሚገኘው ዓውደ ቀመር ነው። 28ን ያቆየሁት ለዚህ ነበር፤ በ28 ውስጥ ያለው 4 ከ1,461 ጋር ስለ ሄደ ለብቻው የታየን 7 ብቻ ነው።

መልሱን ለየኔታ ሳቀርብ «ይህ ቁጥር አንድ ዓውደ ቀመር በካልዒት ሲቆጠር ነው» አልኋቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ቀጥለውም ከቅጠሉ ጀርባ ሌላ ቁጥር ጻፉ፦ 699,529,992። «የመጀመሪያው ላይ ስድስቷን ካልዒት ሆን ብዬ አስቀርቻታለሁ፤ አሁን አስገብቻታለሁ» አሉኝ። በባሕረ ሐሳብ ዓመት 365 ዕለት፣ 15 ኬክሮስና 6 ካልዒት ነው፤ እነዚያ ስድስት ካልዒቶች በ600 ዓመት ተጠራቅመው አንድ ዕለት ይሞላሉ።

ዘጠነኛ፦ ሁለት ጎረቤት ቁጥሮችን ማነጻጸር

ሁለተኛውን ቁጥር ከመጀመሪያ ጀምሮ መበታተን አያስፈልግም። ትልቁን የጋራ አካፋይ በኤውክሊድ ዘዴ እንፈልግ፦ ትልቁን በትንሹ ማካፈል፣ ቀጥሎ ትንሹን በቀሪው ማካፈል፣ ቀሪው ዜሮ እስኪሆን ድረስ መቀጠል። የሁለቱ ልዩነት 3,192 ነው፤ ይህም 532 × 6 ነው፣ የተጨመሩት ካልዒቶች ብዛት። 699,526,800 ለ3,192 ሲካፈል በትክክል 219,150 ይሆናል። ስለዚህ ትልቁ የጋራ አካፋይ 3,192 ነው፣ ሁለተኛው ቁጥርም 3,192 × 219,151 ነው።

219,150 = 2 × 3² × 5² × 487 መሆኑን ከላይ ካገኘነው እናውቃለን። ተከታታይ ቁጥሮች ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው 219,151 ለ2፣ ለ3፣ ለ5 እና ለ487 እንደማይካፈል ያለ ሙከራ ታወቀ። ለ7፣ ለ11ና ለ13፦ 219 − 151 = 68፤ ለሦስቱም አይካፈልም። 17፣ 19፣ 23፣ 29 እና 31 በቅደም ተከተል 4፣ 5፣ 7፣ 27 እና 12 ያስቀራሉ። 37 ግን ይገባል፦ 37 × 5,923 = 219,151። ለ5,923 ደግሞ ዳግም ዘሩ ከ77 ስለሚያንስ የሚቀሩት ከ37 እስከ 73 ያሉት አሥር ብቸኛ ቁጥሮች ብቻ ናቸው፤ አንዳቸውም አያካፍሉትም፣ በጣም የቀረበው 47 ሲሆን እርሱም 1 ያስቀራል።

699,529,992 = 2³ × 3 × 7 × 19 × 37 × 5,923

የዳግም ርቢው ክፍል አሁን 4 ብቻ ሆነ፣ አካፋዮቹም ከ480 ወደ 128 ወረዱ። 7ና 19 አሉ፤ 60² ግን የለም፣ 487ም ከ1,461 ጋር ሄዷል።